«ሎጎ ስንት ነው?» ብቻ ብሎ ለሚጠይቅ ደንበኛ ዋጋ እንዴት ይሰጣል (ከድሬ፣ ለፍሪላንስ ዲዛይነሮች)

ማታ 5 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ይመጣል። «ሰላም፣ ሎጎ ስንት ነው?» በቃ ይሄ ብቻ። የምን ሎጎ፣ ለማን፣ ለመቼ፣ ምንም የለም። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን እንዲህ አይነት መልእክት ሲመጣልኝ ደንበኛው እንዳያመልጠኝ ብዬ ቶሎ «3,000 ብር» እል ነበር፣ ከዛ ሰውየው ያየዋል ዝም ይላል፣ ወይ «ኧረ ተወደደ ሌላ ጋ በ800 አለ» ብሎ ይጠፋል፣ ወይ ደግሞ ይስማማና ሥራው ሲጀመር ሎጎ የተባለው ነገር ሎጎም ታፔላም ቢዝነስ ካርድም የፌስቡክ ከቨርም የባጃጅ ስቲከርም ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም የመጡት ከአንድ ነገር ነው፣ ቁጥሩን ብቻውን ስለላክሁት። ደንበኛው ቁጥር ብቻ ሲደርሰው ከሌላ ቁጥር ጋር ከማስተያየት ውጪ ምን ያድርገው? 3,000 እና 800 ጎን ለጎን ከተቀመጡ ማን እንደሚመረጥ የታወቀ ነው።

የምሠራው ድሬዳዋ ሳቢያን ቤቴ ውስጥ ነው፣ ደንበኞቼ ግማሹ ከዚራና ታይዋን (የድሬ ገበያ ነው) አካባቢ ያሉ ነጋዴዎች ናቸው፣ ሌላው ሐረር። ከታች የምጽፈው ብዙ ሥራ ካመለጠኝና ብዙ ሥራ ደግሞ በኪሳራ ከጨረስኩ በኋላ የያዝኩት አሠራር ነው። አንተ እያልኩ ነው የምጽፈው፣ ሴቶች አንቺ ብላችሁ አንብቡት፣ ድሬ ላይ አንቱ መባባል አልለመደብንም።

ዋጋ ከመናገርህ በፊት ጠይቅ

ለመጀመሪያው መልእክት የምመልሰው ስልኬ ላይ ተቀምጧል፣ እየቀዳሁ ነው የምልከው፦

«ሰላም፣ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። ትክክለኛ ዋጋ እንድነግርህ እነዚህን ንገረኝ፦ የምን ንግድ ነው? ሥራ ላይ ነው ወይስ ገና ሊከፈት ነው? ሎጎው የት የት ላይ ነው የሚወጣው፣ ታፔላ፣ ካርድ፣ ዩኒፎርም፣ ሶሻል ሚዲያ? በስንት ቋንቋ ይጻፍ? ለመቼ ነው የምትፈልገው? መጨረሻ ላይ አይቶ የሚወስነው ማነው? መጻፍ ካስቸገረህ በቮይስ ላክልኝ።»

የቮይሷን ነገር አትተዋት። ሱቅ ላይ ቆሞ ደንበኛ እያስተናገደ ያለ ሰው ስድስት ጥያቄ በጽሁፍ አይመልስም፣ በቮይስ ግን ሁለት ደቂቃ ያወራልሃል፣ ሲያወራ ደግሞ ያልጠየቅከውንም ይነግርሃል፣ «ወንድሜ ጅቡቲ ነው እሱ ካየው በኋላ ነው» ምናምን ይላል። እዚህ ከተማ ብዙው ንግድ የቤተሰብ ነው፣ አንተን የሚያናግርህ ልጁ ወይ የእህቱ ልጅ ነው፣ ወሳኙ አባትየው ወይ ውጪ ያለው ወንድም ነው። የሚወስነውን ሰው ሳታውቅ ዋጋ ከሰጠህ ሁለት ጊዜ ነው የምትደራደረው፣ ሥራውንም ሁለት ጊዜ ነው የምታስተካክለው። እኔ ወሳኙ ሌላ ሰው ከሆነ «እሺ እሱም ባለበት በስልክ 10 ደቂቃ እናውራ፣ ከዛ ዋጋውን በጽሁፍ እልካለሁ» እላለሁ።

ጥያቄዎቹን ሲያይ የሚጠፋም ይኖራል፣ ይጥፋ። 10 ደቂቃ ሰጥቶ ስለ ራሱ ንግድ መናገር ያልፈለገ ሰው ሎጎውን ለማየትና አስተያየት ለመስጠት ጊዜ ይኖረዋል ብዬ አላስብም።

የቋንቋው ጥያቄ

ይሄን ለብቻው ያነሳሁት ሌላ ከተማ ያሉ ዲዛይነሮች ብዙም ስለማይገጥማቸው ነው። ድሬ ላይ ታፔላ ስትሠራ ብዙ ጊዜ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሱማልኛና እንግሊዝኛ አንድ ሰሌዳ ላይ ይመጣሉ፣ አንዳንዱ ነጋዴ አረብኛም ይጨምራል፣ ሐረር ከሆነ ሐረሪ አለ። ለደንበኛው ይሄ አንድ ታፔላ ነው፣ ላንተ ግን የአራት ታፔላ ራስ ምታት ነው። አንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ አስብ። «መድኃኒት ቤት» በአማርኛ 7 ፊደል ነው። በኦሮምኛ «መና ቆሪቻ» በላቲን ሲጻፍ 12 ፊደል ይሆናል፣ ኦሮምኛም ሱማልኛም ረጅም ድምፅ ሲሆን አናባቢውን ስለሚደግሙ ቃሉ ይረዝማል። አማርኛውን አሳምረህ ትልቅ አድርገህ መሀል ላይ አስቀምጠህ ስትጨርስ ኦሮምኛው አይገባልህም፣ እሱን ለማስገባት ስታሳንሰው ደግሞ ከመንገድ ማዶ አይነበብም፣ እንደገና ከዜሮ። አረብኛ ከመጣ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚሄድ አደራደሩ በሙሉ ይለወጣል። ፎንት ደግሞ አለ፣ ደንበኛው ከኢንተርኔት ያመጣልህ የሚያምር የላቲን ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም፣ እንደ ኖቶ ወይ አቢሲኒካ ያሉት ነጻ የግዕዝ ፎንቶች ለንባብ ጥሩ ናቸው ግን ከዛ ጌጠኛ ላቲን ጋር አይሄዱም፣ ስለዚህ አማርኛውን ፊደል በፊደል በእጅህ ነው የምትስለው። ይሄ ሁሉ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ዋጋ ማቅረቢያህ ላይ ስንት ቋንቋ እንደሆነ ጻፍ፣ ትርጉሙን ማን እንደሚያመጣም ጻፍ። እኔ ሁልጊዜ «ትርጉሙን ደንበኛው አረጋግጦ በጽሁፍ ይሰጣል» እላለሁ። አንዴ ይሄን ሳልጽፍ ቀርቼ የሱማልኛው አንዲት ፊደል ተሳስታ ታፔላው ከተሰቀለ በኋላ ነው የታወቀው፣ ማሳተሚያውን ተካፍለን ከፈልን። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት ስላልነበረ ልከራከር አልቻልኩም።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል

ብዙ ልጆች ዋጋ የሚያወጡት ሌላው ስንት እንደሚጠይቅ ሰምተው ነው። ሌላው ልጅ ቤት ኪራይ ላይከፍል ይችላል፣ ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ሊሆን ይችላል፣ አታውቅም። ከራስህ ጀምር። ለምሳሌ ኪራይ፣ ምግብ፣ ኢንተርኔት፣ መብራት፣ ላፕቶፑ ሲበላሽ የምትተካበት ቁጠባ ተደምሮ በወር 30,000 ብር ያስፈልግሃል እንበል። በወር ስንት ሰዓት ነው ክፍያ ያለው ሥራ የምትሠራው? በቀን 8 ሰዓት እንዳትል። ደንበኛ የምታናግርበት፣ ማተሚያ ቤት የምትመላለስበት፣ መብራት የሚጠፋበት፣ ድሬ ደግሞ ከ6 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሥራ የሚያስቆምበት ጊዜ አለ። 80 ሰዓት ካገኘህ ጥሩ ነው። 30,000 ለ80 ሲካፈል 375 ብር በሰዓት። ሎጎ ከጥናቱ እስከ መጨረሻው ፋይል 24 ሰዓት ከፈጀብህ 9,000 ብር ነው። የአራት ቋንቋ ታፔላ ዲዛይን 8 ሰዓት ከወሰደ 3,000። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ የራስህን አስገባ፣ ግን አንዴ ካወቅከው በኋላ ሰው «ተወደደ» ሲልህ አትደነግጥም። ከዛ በታች ብትሠራው የራስህን ኪራይ ለሰውየው እየከፈልክለት እንደሆነ ታውቀዋለህ።

የሰዓቱን ሒሳብ ለደንበኛው አታሳየው። እሱ የሚፈልገው ምን እንደሚያገኝ ማወቅ ነው፣ 375 ብር በሰዓት ስትለው «ኧረ ታዲያ ፍጠን» ነው የሚልህ።

ሕትመቱን ለብቻው አድርገው

ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ሥራ በእጄ ነበር። ዲዛይንና ሕትመት አንድ ላይ ደምሬ፣ ባነሩን፣ ሮል አፑን፣ 1,000 ካርዱን ሁሉንም በአንድ ዋጋ ነበር የተዋዋልኩት፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ አልጻፍኩም። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። የባነሩም የወረቀቱም የቀለሙም እቃ ከውጪ ነው የሚመጣው፣ ማተሚያ ቤቱ የካሬውን ዋጋ ጨመረ፣ ደንበኛው ደግሞ «ተስማምተናል» አለ፣ እውነቱን ነው ተስማምተናል። ከኪሴ ጨምሬ አስረከብኩ፣ ዲዛይኑን በነጻ ነው የሠራሁት ማለት ነው።

ከዛ ወዲህ ሕትመት ሲኖር ሁለት መስመር ነው የምጽፈው። ዲዛይን ይህን ያህል፣ ሕትመት ደግሞ «ማተሚያ ቤቱ በዕለቱ በሚሰጠው ዋጋ፣ የዛሬው ይህን ያህል ነው፣ ለ7 ቀን ይቆያል»። ከሆነልህ ደንበኛው ራሱ ለማተሚያ ቤቱ ቢከፍል ይሻላል። ባነር በካሬ ነው የሚሰላው፣ 3 ሜትር በ1 ሜትር 3 ካሬ ነው፣ ልኩን ሳታውቅ የባነር ዋጋ በስልክ አትናገር፣ «ትንሽዬ ናት» የተባለችው ሄጄ ስለካት 6 ሜትር ሆና አግኝቻታለሁ።

የምትልከው ወረቀት

ዋጋ በቻት አልልክም። አንድ ገጽ ፒዲኤፍ ነው። ላይኛው ላይ ደንበኛው በቮይስ የነገረኝን በሁለት ሦስት አረፍተ ነገር መልሼ እጽፍለታለሁ፣ «ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሚከፈት የቅመማ ቅመም መደብር ነው፣ ደንበኞቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፣ ለአጎራባች ከተሞች ለማከፋፈልም ይታሰባል» እንዲህ። ሰው የራሱን ነገር በጽሁፍ ሲያይ እንደሰማኸው ያውቃል፣ ከ800 ብሩ ልጅ የምትለየውም እዚህ ጋ ነው።

ከዛ ሦስት ምርጫ አስቀምጣለሁ። አንደኛው ሎጎ ብቻ 9,000፣ ሁለተኛው ሎጎና ታፔላ 12,000፣ ሦስተኛው ሎጎ፣ ታፔላ፣ ካርድና ለሶሻል ሚዲያ የሚሆኑ ፖስተሮች 16,500። አንድ ዋጋ ብቻ ስትሰጥ ደንበኛው አዎ ወይ አይ ነው የሚለው፣ ሦስት ስትሰጥ ግን የቱ ይሻለኛል ብሎ ማሰብ ይጀምራል። እያንዳንዱ ሥር ምን እንዳለ ጻፍ፣ ስንት ሐሳብ እንደምታቀርብ (እኔ ሁለት ነው)፣ ስንት ዙር ማስተካከያ እንዳለ (ሁለት ዙር፣ ከዛ በላይ በዙር 1,000 ብር)፣ ምን አይነት ፋይል እንደምትሰጥ።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅምህ ግን «የማይጨምር» የሚለው ክፍል ነው። ሕትመት አይጨምርም። ትርጉም አይጨምርም። ፎቶ ማንሳት አይጨምርም። የንግድ ምልክት ማስመዝገብ አይጨምርም፣ ይሄን ብዙ ሰው ሎጎ ሲያሠራ አብሮ የሚመጣ ይመስለዋል፣ ምዝገባው ግን በአዋጅ 501/1998 መሠረት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጋ የሚሄድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሐረር ወይ ሌላ ቦታ የምሄድ ከሆነ ትራንስፖርትም እጽፋለሁ። አንዴ ለቡና ማሸጊያ ሥራ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፣ የማሸጊያው ዋጋ ሲጠየቅ አንድ ከረጢት መስሎኝ ነበር፣ ለካ የ250 ግራም፣ የግማሽ ኪሎና የ1 ኪሎ ነው፣ ሦስቱም ልካቸው ይለያያል፣ ባርኮዱና የተቆላበት ቀን የሚጻፍበት ቦታ በእያንዳንዱ ላይ እንደገና ይደረደራል። «ማሸጊያ» የሚል ደንበኛ ሲመጣህ ባዶ ከረጢቱን ራሱን እጅህ ላይ ሳትይዝ ዋጋ አትስጥ።

መጨረሻ ላይ ክፍያ። 50 በመቶ ቀብድ በቴሌብር ወይ በባንክ፣ ቀሪው የመጨረሻው ፋይል ከመላኩ በፊት። የሥራው ቀን መቆጠር የሚጀምረው ቀብዱም ጽሁፉም ፎቶውም ከደረሰህ ቀን ነው። ዋጋው የሚቆይበትን ቀን ጻፍ። ለነጋዴ የምልከው ወረቀት ላይ አንተ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ለመሥሪያ ቤት ከሆነ ግን «ድርጅትዎ» እያልክ በወጉ ጻፍ፣ ፋይሉ ውስጥ ገብቶ ሌላ ሰው ነው የሚያነበው።

አስቸጋሪዎቹ

«መጀመሪያ ሳምፕል ስራና እንየው» የሚለው በጣም የጎዳኝ ነው። አንድ ድርጅት ሦስት ሐሳብ ስለህ አምጣና ከወደድነው እንዋዋላለን አለኝ፣ ሁለት ሌሊት ሠርቼ ወሰድኩ፣ «እንደውልልሃለን» አሉኝ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ በባጃጅ እየሄድኩ የደቻቱን ወንዝ ልንሻገር ስንል ባነር ተሰቅሎ አየሁ። ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ሰማያዊ ተቀይሯል፣ ግን «ድ» ፊደል እግሯ ላይ እኔ በእጄ የቆረጥኳት ቁራጭ እንዳለች ናት፣ ሌላ ሰው ያንን በአጋጣሚ ሊያደርገው አይችልም። ባጃጁን አስቁሜ ወርጄ ቆሜ አየሁት፣ ምን እንደማደርግ አላወቅኩም፣ የፈረምኩት ወረቀት የለ፣ የላክሁት ኢሜይል የለ፣ በፍላሽ ነበር የሰጠኋቸው።

አሁን ሳምፕል የሚለኝን ሰው ከዚህ በፊት የሠራኋቸውን አሳየዋለሁ፣ እጄን ማየት ከፈለገ ያ ይበቃል። አይ ለኔ ንግድ የተሠራ ካላየሁ ካለ ደግሞ «ይቻላል፣ የመጀመሪያው ሐሳብ 2,000 ብር ነው፣ ሙሉ ሥራውን ካዘዝክ ከጠቅላላው ይቀነስልሃል» እላለሁ። እውነተኛው ደንበኛ ይሄን ይቀበላል። ወረቀቱ ላይም «ሥራው ሙሉ በሙሉ ሳይከፈል የመጠቀም መብት አይተላለፍም» የሚል መስመር አለ። በ1996 የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የስዕልና የግራፊክ ሥራን ይጠብቃል፣ ግን አንተ እንደሠራኸው የሚያሳይ ነገር ከሌለህ አዋጁን ይዘህ የት ትሄዳለህ፣ ስለዚህ ሐሳብ ስትልክ በኢሜይል፣ በዝቅተኛ ጥራት፣ ላዩ ላይ ስምህ ተጽፎበት።

ፕሮፎርማ። መሥሪያ ቤቶች ግዢ ሲፈጽሙ ብዙ ጊዜ ከተለያየ ሰው ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበስባሉ፣ ይሄ ጤናማ አሠራር ነው። ችግሩ አንዳንዴ አሸናፊው አስቀድሞ ታውቆ ሁለቱ ለማሟያ ብቻ ሲፈለጉ ነው። ትለየዋለህ፣ ሰውየው የሥራውን ዝርዝር አያውቀውም፣ ዛሬውኑ ነው የሚፈልገው፣ «ትንሽ ከፍ አድርገህ ሙላልኝ» ይላል፣ ባሰ ሲል ደግሞ «ማህተም ብቻ አድርግልኝ ዋጋውን እኛ እንሞላዋለን»። ባዶ ፕሮፎርማ ላይ ማህተም አታድርግ፣ ጓደኛህም ቢሆን፣ የሚቀጥለውን ሥራ እሰጥሃለሁ ቢልህም። ስምህና ቲን ቁጥርህ ያለበት ወረቀት ነው፣ ኦዲት ሲመጣ የሚጠራው አንተ ነህ። እኔ «ዝርዝሩን ስጠኝ፣ በሁለት ቀን ውስጥ የራሴን ትክክለኛ ዋጋ ሞልቼ እሰጥሃለሁ» እላለሁ፣ አብዛኛው ተመልሶ አይመጣም። የመጣው ደግሞ ትክክለኛ ነው፣ ለሱ በደንብ ሙላለት፣ 15 በመቶ ቫት ተጨምሮበት ነው ወይስ አይደለም የሚለውን በግልጽ ጻፍ (ለቫት ካልተመዘገብክ ቫት መጠየቅ አትችልም)፣ ሲከፍሉህ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚቀነስ ግብር) እንደሚቆርጡ አስብና ደረሰኙን ተቀበል፣ ክፍያው ከተረከቡ በኋላ ስለሆነ የሚዘገይበትን ጊዜ ዋጋህ ውስጥ አስላ።

«ያኛው ልጅ በ500 ይሠራል፣ ደግሞ ካንቫ ላይ እኔም እችላለሁ።» አትከራከር፣ ያኛውን ልጅም አታጣጥል፣ የሰው እንጀራ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካንቫ (የዲዛይን አፕ ነው) ላይ ያለው ዝግጁ የሎጎ ቴምፕሌት ላንተ ብቻ የተሠራ አይደለም፣ ማንም ሰው ያንኑ መጠቀም ይችላል፣ ስለዚህ የንግድ ምልክት አድርገህ ላስመዝግበው ብትል ችግር ነው፣ ራሱ ካንቫም ይሄን ደንቡ ላይ ጽፎታል። ሱቁን ለሁለት ወር ለሚከፍት ሰው ካንቫ ይበቃዋል፣ ይሄንንም በቀጥታ እነግረዋለሁ፣ እንደዛ ብዬ የሸኘሁት ሰው በኋላ ሌላ ደንበኛ ልኮልኛል።

ዋጋ ቀንስ ሲሉህ አትከፋ። ድሬ የንግድ ከተማ ነው፣ አሸዋ ገበያም ታይዋንም ሳይከራከር የሚገዛ የለም፣ «አቦ ተወው ትንሽ ቀንስ» ማለት ሰላምታ እንደማለት ነው። ግን ብር ስትቀንስ ሥራም አብረህ ቀንስ። «12,000ው በዝቶብሃል? እሺ በ9,000 እንሥራው፣ ታፔላው ይቅርና ሎጎውን ብቻ ልሥራልህ፣ ታፔላውን ስትችል ትመጣለህ።» ሥራው እንዳለ ሆኖ 3,000 ብር እንዲሁ ከወረድክ ግን ደንበኛው የሚረዳው የመጀመሪያው ዋጋህ እውነት እንዳልነበረ ነው፣ የሚቀጥለው ሥራ ላይም ከዛ በታች ነው የሚጀምረው።

ዘመድና ጓደኛ። «አንተ እኮ የኛ ልጅ ነህ» ሲባል ዋጋ መጥራት ያሳፍራል፣ ያው ስለማንጠራ ነው በኋላ የምንቀያየመው። ለአክስቴ ልጅ ሰርግ ካርድ ስሠራ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሙሉ ዋጋ 6,000፣ ከኔ ስጦታ 6,000፣ የሚከፈል 0፣ ማስተካከያ ሁለት ዙር፣ ማሳተሚያ በቤተሰብ። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ግን ሁለት ዙር ተብሎ ስለተጻፈ እናትየው፣ ሙሽራዋና ሚዜዎቹ ቁጭ ብለው አንድ ላይ አስተያየታቸውን ሰብስበው ሰጡኝ፣ ያለዛ በየቀኑ አንድ አንድ ሰው ነበር የሚደውልልኝ። ግማሽ ቅናሽ ከሆነም እንደዛው ሙሉውን ዋጋ ጽፈህ ቅናሹን ከሥሩ አሳይ። ስጦታህ ስንት እንደሆነ ይታወቅ።

«ለነገ ጠዋት።» ይቻላል ወይስ አይቻልም ብለህ መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ። ከተቻለ 50 በመቶ ጭማሪ፣ ክፍያው በሙሉ በቅድሚያ፣ ጽሁፉ ዛሬ እስከ 10 ሰዓት ካልደረሰኝ ለነገ አይደርስም። ማስተካከያ አንድ ዙር። ይሄን ስነግራቸው ግማሾቹ «እሺ እንግዲህ ለሐሙስ ይሁን» ይላሉ።

አንድ የኛ ሀገር ነገር ደግሞ አለ፣ ምርቃና ላይ የተደረገ ስምምነት። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ተቀምጠህ ከሰው ጋር ስታወራ ሎጎ ብቻ አይደለም ሙሉ ብራንዲንግ፣ ዌብሳይት፣ አዲስ አበባ ቅርንጫፍ፣ ሁሉም ይታቀዳል፣ ዋጋም ይጠራል፣ እጅም ይመታል። ሰውየው እየዋሸህ አይደለም፣ በዛ ሰዓት ከልቡ ነው። አንተም ከልብህ ነህ፣ ለዛ ነው የማትችለውን ቀን ቃል የምትገባው። እዛው ቁጥር አትጥራ። «ነገ ጠዋት በጽሁፍ እልክልሃለሁ» በልና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ሁለታችሁም ቡና ከጠጣችሁ በኋላ፣ «ትላንት ካወራነው ውስጥ ለመጀመር የሚያስፈልገው ይሄ ይመስለኛል» ብለህ አንድ ገጹን ላክ። ከታቀደው ሁሉ ሁለት ሥራ ብቻ ይተርፋል፣ ሁለቱ ግን ይከፈልባቸዋል።

በጀቱን የማይናገር ደንበኛ ላይ ብዙ አትጨነቅ፣ «ከ10,000 በታች ነው ወይስ በላይ የምታስበው?» በለው፣ ቁጥር መናገር የከበደው ሰው ለዚህች ይመልሳል። ደላላ ሆኖ ዋጋ የሚጠይቅህም አለ፣ ኮሚሽኑን እሱ ከደንበኛው ይጨርስ፣ አንተ ዋጋህን አትቀይር፣ ግን የመጨረሻውን ደንበኛ አንድ ጊዜ እንኳን ሳታናግር ሥራ አትጀምር።

ከላክህ በኋላ

ወረቀቱን ልከህ ዝም ካሉህ በሦስተኛው ቀን አንድ ጊዜ ጻፍ፣ ጠዋት ላይ፣ «ሰላም፣ የላክሁልህን አየኸው? ያልገባህ ነገር ካለ ልደውልልህ» ብቻ። ዋጋው ከሚያበቃበት ቀን አንድ ቀን ቀደም ብለህ ደግሞ ሌላ አንድ፣ «ዋጋው ነገ ያበቃል፣ ካስፈለገህ አሳውቀኝ»። ከዛ በላይ አትከተል። ፋይሉን ግን አታጥፋው፣ በደንበኛው ስም አስቀምጠው።

አንድ የሐረር ልብስ ሰፊ መኪና ግርግር የሚባለው ሰፈር ላይ ሱቅ አለው፣ ለልብሶቹ ሌብል ዋጋ ጠይቆኝ ልኬለት አራት ወር ጠፋ። ከዛ አንድ ቀን ያንኑ ፒዲኤፍ ራሱን መልሶ ላከልኝ፣ ሥሩ «ሁለተኛው» ብሎ ጽፎበት። የመለስኩለት ይሄን ነው፦ «ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣህ። ይሄ ዋጋ ጊዜው አልፏል፣ የሌብል ክሩም ጨምሯል፣ አዲሱን ዛሬ ማታ እልክልሃለሁ። የዲዛይኑ እንዳለ ነው፣ የሚለወጠው የማሠሪያው መስመር ብቻ ነው።» ማታ ላክሁለት፣ በነጋታው ቀብዱ በቴሌብር ገባ።